ማሽን የጠረጠራቸው ሰዎች፤ የሆላንድ ከተሞችና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ታሪክ

በ2014 ዓመት በደቡብ ኔዘርላንድ በምትገኘው በአይንድሆቨን ከተማና በአካባቢዋ የሚኖሩ ብዙ ቤተ ሰቦች ከግብር መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደረሳቸው። ለልጆቻቸው ሞግዚት መክፈያ ይሰጣቸው የነበረው የመንግሥት ድጎማ ቆሟል የሚል ነበር። በምን ምክንያት እንደ ቆመ የጠየቁት ማስረጃ አምጡ ተባሉ፤ ማስረጃውን አመጡ፤ ያመጡት ማስረጃም አልበቃ ተባለ። የጐደለው ምን እንደ ሆነ የሚነግራቸው ግን አልተገኘም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

አይንድሆቨን ለመሐንዲስ እንግዳ ከተማ አይደለችም። በ1891 የተቋቋመው የፊሊፕስ ኩባንያ አምፖል መሥራት የጀመረው በዚችው ከተማ ነው። በቴክኒክ ዕውቀት ወደ ኋላ ቀርቷል የማይባል አገር፣ ሕግ አክባሪነቱም የተመሰከረለት ሕዝብ፣ በሥራ ላይ ባዋላቸው የመመርመሪያ መሣሪያዎች ምክንያት እንዴት ሊታወክ እንደ ቻለ መመርመር ተገቢ የሚሆነውም ስለዚህ ነው። የጥቂት ሰዎች ቅሬታ መስሎ የጀመረው ነገር በሰባተኛው ዓመት የአገሪቱን ካቢኔ ጥሏል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ጥበብ በአንድ ሰፈር ሕዝብ ኑሮ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያስከትል፣ ከፍርድ ቤት፣ ከሒሳብ መርማሪና ከፓርላማ መዝገብ ተነሥቶ የሚነገርበት አገር ብዙ አይደለም፤ ኔዘርላንድ ግን አንዷ ናት።

የድጎማው አሠራር እንደሚከተለው ነበር። በ2005 በሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት ሥራ ያላቸው ወላጆች ልጆቻቸውን በማቆያ ቤት ወይም በተመዘገበ ሞግዚት ዘንድ ሲያውሉ ከወጪው ከፊሉን መንግሥት ይሸፍናል፤ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተ ሰብ ደግሞ የመንግሥቱ ድርሻ ከወጪው እጅግ የሚበዛው ነው። ገንዘቡ የሚከፈለው በወላጁ ግምት ላይ ተመሥርቶ በቅድሚያ ሲሆን ሒሳቡ የሚዘጋው ዓመቱ ካለቀ በኋላ ነው። ወላጁ ከራሱ ኪስ ማዋጣት የሚገባው ድርሻ በጥቂት መቶ ዩሮ ቢጐድል፣ ወይም ከሰነዶቹ አንዱ ጕድለት ቢገኝበት፣ መሥሪያ ቤቱ መልስ ብሎ የሚጠይቀው የጐደለውን ብቻ ሳይሆን የዓመቱን ድጎማ በሙሉ ነበር። ሕጉ እንዲህ መተርጐም አለበት ብሎ ያመነው መሥሪያ ቤቱ ብቻ አልነበረም፤ ራድ ቫን ስታተ የተባለው ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ሸንጎም እስከ 2019 ድረስ ይህንኑ ትርጕም ሲያጸና ኖሯል። ስለዚህ በወር ደመወዝ የምትተዳደር አንዲት እናት በዐሥር ሺሕዎች የሚቈጠር ዩሮ ባለ ዕዳ ሆና ለመገኘት አንዲት ትንሽ ስሕተት ትበቃት ነበር።

በዚህ ላይ የ2013 ነገር ተጨመረ። በዚያ ዓመት አጭበርባሪ ቡድኖች ከቡልጋሪያ ሰዎችን እያመጡ በኔዘርላንድ አድራሻ ካስመዘገቡ በኋላ በስማቸው ድጎማ እያስወጡ ይመልሷቸው እንደ ነበር በቴሌቪዥን ተገለጸ። የሕዝቡ ቍጣ ነደደ፤ እንደራሴዎቹም መንግሥት ቍጥጥሩን እንዲያጠብቅ በአንድ ድምፅ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ጠየቁ። ኋላ መንግሥቱን የወቀሱት ብዙዎቹ ያን ጊዜ ቍጥጥሩ ላላ ብለው የጮኹ መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም።

የግብር መሥሪያ ቤቱ የሥጋት መመደቢያ ሞዴል የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዐት በሥራ ላይ ያዋለው በዚህ ጊዜ ነው። መሣሪያው ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሚባሉት፣ ራሳቸውን ከሚያስተምሩት ወገን ነበር። ቀደም ሲል ትክክለኛና ስሕተት ተብለው የተለዩ ማመልከቻዎች ይሰጡታል፤ እሱም በስሕተተኞቹ ላይ የሚደጋገመውን ምልክት እየፈለገ ይማራል፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ አዲስ ማመልከቻ ከ0 እስከ 1 የሚደርስ የሥጋት ነጥብ ይሰጣል። ከፍተኛ ነጥብ ያገኘው ማመልከቻ እንዲጣራ ወደ አንድ ሠራተኛ ይመራል። ሠራተኛው ማመልከቻው ለምን ከፍ ያለ ነጥብ እንዳገኘ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ የሚያየው ስሙን፣ ቍጥሩንና መጠርጠሩን ብቻ ነበር። መሣሪያው ከሚመዝናቸው ነገሮች አንዱም አመልካቹ የኔዘርላንድ ዜግነት ያለው መሆን አለመሆኑ ነበር። የአገሪቱ የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን በ2020 ባወጣው የምርመራ ውጤት ይህ መለኪያ እስከ 2018 ድረስ ይሠራበት እንደ ነበር ገልጾ አድልዎ መሆኑን አረጋግጧል።

መሐንዲስ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባዋል፤ የነገሩ ሥር ያለው በዜግነት መለኪያው ብቻ አይደለምና። ራሱን የሚያስተምር መሣሪያ የሚያውቀው የተመረመሩትን ብቻ ነው። ገበሬ የማሳውን አንዱን ጥግ ብቻ እያረመ ቢኖርና የነቀለውን አረም ቢቈጥር፣ አረም የሚበቅለው በዚያ ጥግ ብቻ ነው ወደሚል ድምዳሜ መድረሱ አይቀርም። ሌላው የማሳው ክፍል ንጹሕ ሆኖ የሚታየው ስላልታየ ነው። መሥሪያ ቤት ለዓመታት ድኾችንና መጤዎችን አብዝቶ ሲመረምር ከቈየ መዝገቡ የሚያሳየው የድኾችንና የመጤዎችን ስሕተት ነው፤ ከዚህ መዝገብ የተማረ መሣሪያም ወደነሱው ይመለሳል። መሣሪያው የጠቈማቸው ሰዎች ይመረመራሉ፤ ከተመረመሩት መካከል ጥቂት ስሕተት አይጠፋም፤ ያም ስሕተት ለመሣሪያው አዲስ ትምህርት ይሆናል። ከዚህ ውስጥ የተሳሳተ ስሌት የለበትም። እያንዳንዱ ማባዛትና መደመር ትክክል ነው።

እዚህ ላይ ስለ አይንድሆቨን ቤተ ሰቦች አንድ እውነት መነገር አለበት። እነዚህን ቤተ ሰቦች ለይቶ ያወጣቸው ኮምፒዩተር አልነበረም። የግብር መሥሪያ ቤቱ አንድ የሞግዚቶች ድርጅት አጭበርብሯል ብሎ በመጠርጠሩ የድርጅቱን ደንበኞች በሙሉ አንድ ላይ የያዘ በሰው የተመራ ዘመቻ ነበር። ታሪኩን ሲያወሩ ጥፋቱን ሁሉ በማሽኑ ላይ የሚጭኑ ጸሐፊዎች አሉ፤ ይህ ግን ሰዎቹን ነጻ ማውጣት ይሆናል። በዚያው መሥሪያ ቤት የሰዎቹ ዘመቻና የማሽኑ ነጥብ ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር፤ ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው የተጠረጠረው ሰው ምክንያቱን ሊሰማ አለመቻሉ ነው።

ነገሩን ወደ ብርሃን ያወጡት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ባለቤታቸው የሞግዚቶቹን ድርጅት ይመሩ የነበሩት የሕግ ጠበቃዋ ኤቫ ጎንዛሌዝ ፔሬዝ የወላጆቹን ፋይል እያንዳንዱን ይዘው ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ተመላለሱ። በነሐሴ 2017 የአገሪቱ እንባ ጠባቂ ሬይኒየር ፋን ዙትፈን የ232 ቤተ ሰቦችን ጉዳይ መርምረው መሥሪያ ቤቱ ፍትሐዊ አሠራር እንዳልተከተለ አስታወቁ። ከዚያ በፊት በመጋቢት 2017 በራሱ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሕግ አማካሪ የነበሩት ሳንድራ ፓልመን የተሠራው ሥራ የሚያስነቅፍ መሆኑንና ወላጆቹ ሊካሱ እንደሚገባ የሚገልጽ ማስታወሻ ለአለቆቻቸው ጽፈው ነበር። ማስታወሻው ወደ ጎን ተደረገ፤ በይፋ የታወቀውም በ2020 ነው። በፓርላማ በኩል ፒተር ኦምትዚክትና ሬንስከ ላይተን የተባሉት እንደራሴዎች፣ አንዱ ከክርስቲያን ዴሞክራቶች አንዷ ከሶሻሊስቶች ወገን ሆነው ሳለ፣ ጥያቄ እያከታተሉ መንግሥቱን መግቢያ አሳጡት። ጋዜጠኞችም ዝም አላሉም። በ2019 መጨረሻ ወላጆች የራሳቸውን ፋይል ለማየት ሲጠይቁ የተሰጣቸው ገጾች ከዳር እስከ ዳር በጥቍር ቀለም የተሸፈኑ ነበሩ፤ ይህ በቴሌቪዥን መስኮት ሲታይ፣ እስከዚያ ድረስ ነገሩን የሒሳብ ጭቅጭቅ አድርጎ ሲያይ የነበረው ሕዝብ ልቡ ተነካ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በታኅሣሥ 2019 የገንዘብ ሚኒስቴሩ ምክትል ሹም ሜኖ ስኔል ሥራቸውን ለቀቁ። በታኅሣሥ 2020 በክሪስ ፋን ዳም ሊቀ መንበርነት የተቋቋመው የፓርላማ አጣሪ ኮሚቴ ሪፖርቱን «ተወዳዳሪ የሌለው በደል» የሚል ርእስ ሰጥቶ አወጣ፤ በሪፖርቱም አስፈጻሚው፣ ሕግ አውጪውና ዳኛው ሦስቱም የሕግን የበላይነት መሠረት እንደጣሱ ገለጸ። በጥር 15 ቀን 2021 የማርክ ሩተ ካቢኔ በሙሉ ሥልጣኑን ለቀቀ። ሩተ ግን በምርጫው ተመልሰው በ2022 እንደገና ካቢኔ መሥርተዋል፤ የፖለቲካ ቅጣት ዕድሜው አጭር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አይገኝም። ለእያንዳንዱ ተጐጂ ወላጅ ቢያንስ 30,000 ዩሮ እንዲከፈል ተወሰነ። የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣኑም የግብር መሥሪያ ቤቱን በታኅሣሥ 2021 የ2.75 ሚሊዮን፣ በሚያዝያ 2022 ደግሞ የ3.7 ሚሊዮን ዩሮ መቀጫ ጣለበት፤ መንግሥት መንግሥትን ሲቀጣ ገንዘቡ ከየት ወጥቶ የት እንደሚገባ መጠየቅ የአንባቢው ፈንታ ነው። ቤታቸውን ያጡ፣ ትዳራቸው የፈረሰ፣ ከሥራ የተባረሩ ሰዎች ግን መቀጫ አልተቀጣላቸውም። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ በ2021 ባወጣው ቍጥር ከነዚህ ቤተ ሰቦች ከ1,000 የሚበልጡ ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው በሌላ ቦታ እንዲያድጉ ተደርገዋል፤ የሁሉም መለየት በዕዳው ምክንያት ነው ማለት ባይቻልም።

ይህ ሁሉ የማዕከላዊው መንግሥት ሥራ ነው። የሰፈር ሕዝብ ከመሣሪያው ጋር ፊት ለፊት የተገናኘው ግን በሌላ በኩል ነበር።

በ2014 ሲሪ በሚል አጭር ስም የታወቀው የሥጋት ማመልከቻ ሥርዐት በሕግ መሠረት አገኘ። ሕጉ በቅድሚያ የታዩበትን ጕድለቶች የገለጹ አማካሪ አካላት የነበሩ ቢሆንም በእንደራሴዎቹ ምክር ቤት ያለ ክርክር ነው ያለፈው። የሥርዐቱ ሐሳብ ቀላል ነው። አንድ ማዘጋጃ ቤት አንድ ሰፈር ይመርጣል፤ ስለ ሰፈሩ ነዋሪዎች በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤት የሚገኘው መረጃ፣ የሥራው፣ የግብሩ፣ የንብረቱ፣ የመኖሪያው፣ የትምህርቱ፣ የዕዳው፣ የጤና መድኑ፣ በጠቅላላው 17 ዐይነት መረጃ ሊገናኝ ይችላል፤ ኮምፒዩተሩም ሊመረመሩ የሚገባቸውን ሰዎች ስም ያወጣል። ከተመረጡት ሰፈሮች መካከል በደቡብ ሮተርዳም ያሉት ብሉምሆፍና ሂለስላውስ ይገኙባቸዋል። ሁለቱም የወደብ ሠራተኞችና ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሰዎች ልጆች የሚኖሩባቸው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ሰፈሮች ናቸው። ሀብታሞች የሚኖሩበት ሰፈር አልተመረጠም።

ነዋሪዎቹ በኮምፒዩተር እየተመረመሩ መሆናቸውን የሚነግራቸው ደብዳቤ አልደረሳቸውም፤ ሕጉም አያስገድድም ነበርና። ያወቁት የሠራተኞች ማኅበራት ኅብረቱና ስለ ዜጎች መብት የሚሟገቱ ቡድኖች ወደ ሰፈሩ ሄደው ስብሰባ ሲጠሩ ነው። አንድ የቴክኒክ ጕዳይ ከባለሙያዎች ክፍል ወጥቶ የሰፈር መነጋገሪያ የሆነው በነዚህ ስብሰባዎች ነው። የሰዎቹ ጥያቄ ስለ ስታቲስቲክስ አልነበረም። እዚህ ሰፈር ስለ ኖርሁ ብቻ ሌባ ልባል ይገባል ወይ የሚል ነበር። የሮተርዳም ከተማ በሐምሌ 2019 ከሥራው ወጣች።

ክሱ ግን ቀጠለ። ከሳሾቹ የሕግ ባለሙያዎችና የመብት ተሟጋቾች ማኅበራት ሲሆኑ ቶሚ ቪሪንጋና ማክሲም ፌብሩዋሪ የተባሉ ሁለት ደራሲዎችም አብረዋቸው ነበሩ፤ የሠራተኞች ማኅበራት ኅብረቱም ክሱን ተቀላቀለ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የድኽነትና የሰብአዊ መብት ልዩ መልእክተኛ ፊሊፕ አልስተንም አስተያየታቸውን በጽሑፍ ለፍርድ ቤቱ አቀረቡ። የመንግሥቱ ጠበቆች መሣሪያው በምን ሚዛን እንደሚመዝን ሊገለጽ አይገባም ብለው ተከራከሩ፤ ቢገለጽ አጭበርባሪዎች አካሄዳቸውን ያስተካክላሉ የሚል ነበር ምክንያታቸው። በየካቲት 5 ቀን 2020 የሔግ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሰጠ። ፍርድ ቤቱ ማጭበርበርን መከላከል ተገቢ መሆኑን፣ ለዚህም አዲስ ቴክኒክ መጠቀም እንደሚቻል ተቀበለ። ነገር ግን መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ለዳኞቹ እንኳ ስላልተገለጸ የሚያዳላ መሆን አለመሆኑን ማጣራት አልተቻለም፤ ሊጣራ የማይችል መሣሪያም በሰው የግል ኑሮ እንዲገባ ሊፈቀድለት አይችልም ሲል ሕጉ የአውሮፓን የሰብአዊ መብት ስምምነት 8ኛ አንቀጽ የሚጥስ መሆኑን ፈረደ። መንግሥቱም ይግባኝ አላለም።

ሮተርዳም ከሲሪ ብትወጣም በጓዳዋ የራሷ መሣሪያ ነበራት። ከ2017 ጀምሮ በአክሰንቸር ኩባንያ አማካይነት የተሠራው ይህ መሣሪያ የኑሮ መደጎሚያ ለሚቀበሉት 30,000 ያህል ነዋሪዎች ነጥብ ይሰጥ ነበር። መሣሪያው የተማረው ከ12,707 የቀድሞ ምርመራዎች ሲሆን ስለ እያንዳንዱ ሰው 315 ነገሮችን ይመዝናል፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የልጆች ቍጥር፣ የትዳር ታሪክ፣ የኔዘርላንድ ቋንቋ ችሎታ፣ ሌላም ሌላም። ከነዚህም መካከል ብዙዎቹ የማኅበራዊ ጕዳይ ሠራተኛው በቃለ ምልልስ ጊዜ ስለ ሰውየው የጻፋቸው የግል አስተያየቶች ናቸው። የሠራተኛው የአንድ ከሰዓት በኋላ ስሜት በመዝገብ ሲሰፍር ቍጥር ይሆናል፤ ቍጥር ከሆነ በኋላ ደግሞ ማንም ስሜት መሆኑን አያስታውስም። ዜግነት ከመለኪያዎቹ ውስጥ አልተካተተም፤ ቋንቋው ግን ነበር። ቋንቋውን አጣርቶ የማይናገር ሰው ከየት እንደ መጣ ለመገመት ኮምፒዩተር አያስፈልግም።

የሮተርዳም የሒሳብ ቍጥጥር መሥሪያ ቤት በ2021 «ቀለም ያለው ቴክኖሎጂ» የሚል ሪፖርት አውጥቶ ይህን ሥጋት አመለከተ፤ ከተማይቱም በዚያው ዓመት መሣሪያውን አቆመች። ከዚህ በኋላ የተደረገው ግን ለሮተርዳም ምስጋና የሚያሰጥ ነው። ሌሎች ከተሞች በር ሲዘጉ እሷ የመሣሪያውን የኮምፒዩተር መመሪያ ለጋዜጠኞች ሰጠች። ጋዜጠኞቹ በምናባቸው የፈጠሯቸውን ሰዎች እያስገቡ መሣሪያውን ፈተኑትና ውጤቱን በመጋቢት 2023 አሳተሙ። ሴት መሆን፣ ልጅ ማሳደግ፣ ቋንቋ አለማወቅ እያንዳንዱ ነጥቡን ከፍ የሚያደርግ ሆኖ ተገኘ። መሣሪያው አምስት መቶ የውሳኔ ዛፎችን ያጣመረ በመሆኑ፣ አንድ ሰው ለምን ተጠረጠረ ተብሎ ቢጠየቅ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊመልሱ አይችሉም ነበር።

በጥንቃቄ ቢሠራ ኖሮስ? ይህን ጥያቄ ከማንም ይበልጥ በቅን ልቡና የሞከረችው አምስተርዳም ናት። ከተማይቱ በመስከረም 2020 ከፊንላንድ ዋና ከተማ ከሄልሲንኪ ጋር በአንድ ጊዜ የምትጠቀምባቸውን አልጎሪዝሞች፣ ማለትም ኮምፒዩተሮቹ የሚከተሏቸውን የስሌት ሥርዐቶች፣ ማንም ዜጋ ሊያነበው በሚችል መዝገብ ላይ አስፍራ ነበር። ከዚያ በኋላ «ብልኅ ማጣሪያ» የተባለውን መሣሪያ ስትነድፍ የሮተርዳምን ስሕተት ላለመድገም ተጠነቀቀች። መሣሪያው የኑሮ መደጎሚያ ከሚጠይቁት መካከል ጠለቅ ያለ ምርመራ የሚያስፈልጋቸውን ለመጠቈም የታሰበ ነው። መለኪያዎቹ በመቶ የሚቈጠሩ ሳይሆኑ 15 ያህል ብቻ ሆኑ፤ ጾታ፣ ዜግነት፣ ዕድሜና የሰፈር ቍጥር ተወገዱ። የተመረጠውም የስሌት ዐይነት እያንዳንዱ መለኪያ ለነጥቡ ምን ያህል እንዳዋጣ ሊታይ የሚችልበት ነው። የውጭ ገምጋሚ ተቀጠረ። ለሥራውም ወደ 500,000 ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብ ወጣ።

እንዲህም ሆኖ የመጀመሪያው መሣሪያ ሲፈተን የውጭ ዜግነት ያላቸውን ሰዎች ያለ አግባብ አብዝቶ የሚጠረጥር ሆኖ ተገኘ። ዜግነት ከመለኪያዎቹ መካከል ባይኖርም ሌሎቹ መለኪያዎች ተሸክመውት ነበር። መሐንዲሶቹ የመማሪያውን መረጃ ክብደት አስተካክለው ልዩነቱን አጠበቡት። በ2023 ጸደይ መሣሪያው በእውነተኛ ማመልከቻዎች ላይ ለሦስት ወር ተሞከረ። ወደ 1,600 የሚጠጉ ማመልከቻዎች ታዩ። አድልዎው ተመልሶ መጣ፤ ግን አቅጣጫውን ለውጦ። አሁን ያለ አግባብ የሚጠረጠሩት የኔዘርላንድ ዜጎችና ሴቶች ሆኑ። መሣሪያው የሚጠረጥረው ሰው ቍጥርም በሠራተኞች እጅ ከነበረው የበለጠ እንጂ ያነሰ አልነበረም፤ እውነተኛውን ስሕተት በማግኘትም ከሠራተኞቹ አልተሻለም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የከተማይቱ አስተዳደር መሣሪያውን ሙሉ በሙሉ ተወው።

የአምስተርዳም መሐንዲሶች ሊወቀሱ አይገባም። የሠሩት በየትኛውም የሙያ ሚዛን ጥሩ ሥራ ነው፤ ፈተናውን ያዘጋጁት ራሳቸው ናቸው፤ ፈተናው ሲወድቅም ቍጥሩን አልደበቁም። ብዙ ገንዘብ የወጣበትን ሥራ አይሆንም ብሎ መጣል ድልድይ ሠርቶ ከመመረቅ የበለጠ ድፍረት የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ ከነሱ በፊት መልሱን የሰጡ ነበሩ። በከተማይቱ የኑሮ መደጎሚያ የሚቀበሉ ሰዎችና ስለነሱ የሚሟገቱ ተወካዮች የሚቀመጡበት አንድ አማካሪ ሸንጎ አለ። ማዘጋጃ ቤቱ መሣሪያውን ሲነድፍ እነዚህን ሰዎች አማክሮ ነበር፤ እነሱም ሙከራው ሳይጀመር ተቃውሞአቸውን በግልጽ አስታውቀዋል። ክርክራቸው ስለ አድልዎ ልኬት ብቻ አልነበረም። እርዳታ ለመጠየቅ የመጣ ሰው በመጀመሪያ የሚገጥመው ነገር ለምን የጥርጣሬ መለኪያ ይሆናል የሚል ነበር። መሐንዲሶቹ መሣሪያው ፍትሐዊ ሊሆን ይችላልን ብለው ሲጠይቁ፣ ሸንጎው መሣሪያው ያስፈልጋልን ብሎ ይጠይቅ ነበር። ለሁለተኛው ጥያቄ የሚሆን ስሌት ባለመኖሩ ይመስላል፣ በንድፉ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ከዚህ ወዲህ ብዙ ነገር በሕግ ተደንግጓል። ከታኅሣሥ 2022 ጀምሮ ኔዘርላንድ በአገር አቀፍ ደረጃ የአልጎሪዝም መዝገብ አላት። ከነሐሴ 2024 ጀምሮ የጸናው የአውሮፓ ኅብረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግም ሰዎች የመንግሥት እርዳታ ይገባቸዋል አይገባቸውም የሚለውን የሚመዝኑ መሣሪያዎችን ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው ወገን መድቦአቸዋል። ሕጉ መሣሪያው እንዲመዘገብ፣ ሰው እንዲቈጣጠረውና ሰነዱ እንዲያዝ ያዛል። ሁለተኛው የፓርላማ አጣሪ ኮሚቴ ግን በየካቲት 2024 ባወጣው ሪፖርት፣ ያለፈው ዐይነት በደል ነገ ተመልሶ ሊደርስ እንደሚችል አስጠንቅቋል።

የካሳው ሥራ አላለቀም። ተጐጂ መሆናቸው የተረጋገጠላቸው ወላጆች ከ30,000 በላይ ሲሆኑ የእያንዳንዱን ሰው ጕዳት ማስላት ረጅም ጊዜ የሚወስድ ሥራ ነው። በታኅሣሥ 2024 ይህን ሥራ በበላይነት እንዲመሩ የተሾሙት ሳንድራ ፓልመን ናቸው፤ በ2017 ያችን ማስታወሻ የጻፉት። ሥራውን ሲረከቡ ውሳኔ የሚጠባበቁት ወላጆች ገና በሺሕ ይቈጠሩ ነበር።